ትከሻ ላይ ያለው እጅ

«የሙት ፊት አጣቢ» ብሎ የሰደበኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ከሰደበኝ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ቀርቶታል። ዕለቱ እሁድ ነበር፤ ከቀኑ ሰባት ተኩል አልፏል፤ ምሳ ተነስቶ ፍራፍሬ ቀርቧል። የሚስቱ ወንድም፣ ፋርማሲስቱ፣ «አንተ ደግሞ ምንድነው የምትሠራው?» ሲለኝ ብርቱካን አፌ ውስጥ ስለነበር መልሴ ትንሽ ዘገየ። ያቺን ክፍተት አገኘና ወንድሜ «እሱማ የሙት ፊት አጣቢ ነው» ብሎ ሳቀ። ከእሱ ቀጥላ የሳቀችው ሚስቱ ናት። ከዚያ ፋርማሲስቱ። ከዚያ ሴት ልጃቸው፤ ያኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፣ ሲስቁ አይታ ሳቀች፣ በእሷ አልፈርድም። በመጨረሻ እኔም ብርቱካኔን ውጬ ሳቅሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የእነሱ ሳቅ አይደለም፤ የራሴ ነው።

የሚሰድቡትን ሥራ ምን እንደሆነ ጠይቀው ስለማያውቁ እኔው ልናገር። አሮጌ ፎቶ አድሳለሁ። የተቀደደውን እገጥማለሁ፣ ውሃ የበላውን እሞላለሁ፣ የደበዘዘውን ፊት አወጣለሁ፤ ድሮ በቀጭን ብሩሽ ነበር፣ አሁን በኮምፒውተር ነው። ከዚያ አሳድጌ ሸራ ላይ አሳትምና ፍሬም ውስጥ አስገብቼ ለግድግዳ አደርሳለሁ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ይህንን ወንድሜ ማንም ሳይጠይቀው ስለሚናገር እኔ መደበቅ አያስፈልገኝም። ሱቄ የአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ በግራ ቁልፍ ቀራጭ፣ በቀኝ ዣንጥላ ጠጋኝ አለ። ጣሪያዋ ከደረጃው ጋር አብሮ ስለሚወርድ ረጅም ደንበኛ ሲመጣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚያናግረኝ። ይህ ነገሯ ደስ ይለኛል።

ቀድሞ ተቀጥሬ የምሠራበት ፎቶ ቤት ሲዘጋ ባለቤቱ ማንም ያልመጣላቸውን ነጋቲቮች በሦስት ካርቶን አጭቆ «ከፈለግህ ውሰድ፣ ካልፈለግህ ጣላቸው» አለኝ። ወሰድኩ። አንድ ክረምት ሙሉ እያንዳንዱን ወደ አምፖል እያነሳሁ ሳይ፣ ከሙሽራውም ከሕፃኑም በዝተው ያገኘኋቸው ሁለት ሁለት ሆነው የተነሱ ወንዶች ናቸው። ሁለት መካኒኮች ጣት ለጣት ተቆላልፈው። ሁለት ወታደሮች፣ አንዱ የአንዱ ጭን ላይ ተቀምጦ። ሁለት ተማሪዎች ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው። አንድ ረጅምና አንድ አጭር፣ አጭሩ በርጩማ ላይ ቆሞ የረጅሙን አንገት አቅፎ። ደመወዝ የተቀበሉ ቀን፣ ወይ ሊለያዩ ሲሉ፣ ወይ እንዲሁ ቀኑ አምሯቸው ገብተው የተነሱ ናቸው። አንዳቸውም አላፈሩም። እኔ ስንት ዓመት ጉርድ ፎቶ ሳነሳ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የሚያፍር ዓይን ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። አደስኳቸው፣ አሳደግኋቸው፣ የሱቄ ግድግዳ ላይ ሰቀልኳቸው። ቁልፍ ቀራጩ መጥቶ ዙሪያውን ተመለከተና «እነዚህን ማን ይገዛልሃል? ዘመድ እንኳ የላቸው» አለኝ። በወሩ ፀጉር አስተካካዩ መካኒኮቹን ገዛ። ከዚያ አንድ ሻይ ቤት ሦስት ወሰደ። ከዚያ አንድ ሆቴል ለአዳራሹ ስድስት አዘዘ። ሰው የማያውቃቸውን ሁለት ሰዎች ተቃቅፈው ሲያይ ደስ ይለዋል። ችግሩ የሚያውቃቸው ሲሆኑ ነው።

ባለፈው ሰኞ ወንድሜ ደወለ፤ ከሰባት ወር ዝምታ በኋላ መሆኑ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ አዲስ አፓርታማ ገብቷል። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጅቷን የሚያገባት ልጅ ወላጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ይመጣሉ፤ ከሶፋው በላይ ያለው ግድግዳ ግን ባዶውን ነው። «ምሳ የምበላበት ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የድሮ ፎቶዎች ተሰቅለዋል» አለኝ፤ «ሁለት ሁለት ሰዎች ናቸው። ክብደት አላቸው። እንደዚያ አድርገህ የአባባን እንድትሠራልኝ ነው።» ስድስቱንም የሠራኋቸው እኔ መሆኔን ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት። ክብደት አላቸው ያላትን ቃል መልሶ እንዳይውጣት ፈራሁ።

አባታችን በሕይወቱ ፎቶ የተነሳው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዱ የመታወቂያ ነው፤ አገጩ ላይ ማኅተም አርፎበታል። ሁለተኛው ከጋሼ መርፌ ጋር የተነሳው ነው። ጋሼ መርፌ የአባቴ ጓደኛ ናቸው፣ ልብስ ሰፊ፤ ሥራቸውም ሰውነታቸውም መርፌ ስለሆነ የሰፈር ልጆች ያወጡላቸው ስም ነው። ይህንኑ ለወንድሜ ስነግረው «ቁረጠዋ» አለኝ። «አባባን ብቻ አስቀር።»

«ተቃቅፈው እኮ ነው የተነሱት።»

«እኔስ ለዚህ አይደል ቁረጠው የምልህ? ዘመኑ ሌላ ነው። ሁለት ወንድ እንደዚያ ተጣብቆ ያየ ሰው ምን እንደሚያስብ ጠፍቶህ ነው?»

«ሆቴሉ ውስጥ ያሉትስ?»

«እነሱ የማንም አባት አይደሉም» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ማክሰኞ ጋሼ መርፌ ጋ ሄጄ ፎቶውን ተዋስኩ። ከስፌት መኪናቸው መሳቢያ፣ ከቁልፍና ከክር መሃል ነው ያወጡት። የፖስታ ካርድ ያክላል። ሁለቱ አንድ ወንበር ላይ ተጣበው ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ ሱፍ ለብሰዋል፤ የሰፉት ጋሼ መርፌ ናቸው። ቀኝ እጃቸው በአባቴ ጀርባ ዞሮ ማዶ ትከሻው ላይ አርፏል። መርፌ እንዳይወጋቸው መሃል ጣታቸው ላይ የሚያጠልቋት ብረት እንዳለች ናት፤ ከሥራ ተነስተው ሲሮጡ ማውለቅ ረስተዋል። የግራ እጃቸው ጣቶች ከአባቴ ጣቶች ጋር ተቆላልፈው ጉልበት ላይ ተቀምጠዋል። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ፎቶው ለዓመታት ታጥፎ ስለኖረ እጥፋቱ የሄደው በጣቶቹ መሃል ነው፤ ተልጦ ነጭ ሆኗል። ፊት ቢጠፋ ሰው ይገምታል፣ የጣት ነገር ግን አይገመትም፤ አንድ ጣት ብታበዛ ወይ ብታጎድል ሕፃን ልጅ ቆጥሮ ያጋልጥሃል። ስለዚህ «ጋሼ፣ እጅዎን ያውሱኝ» አልኳቸው። ግራ እጄን ሰጠኋቸው፤ እንደ ፎቶው ጣታችንን ቆላልፈን ጉልበቴ ላይ አሳረፍነው፤ በሌላው እጄ በስልኬ አነሳሁት። ደረቅና ሞቃት እጅ ነው፤ የጣታቸው ጫፍ በመርፌ ብዛት እንደ ቆዳ ጫማ ጠንክሯል። ካነሳሁ በኋላም አልለቀቁኝም። እኔም አልሳብኩም። የወንድ እጅ ከያዝኩ፣ ለሰላምታ ካልሆነ በቀር፣ ስንት ዓመቴ እንደሆነ ላስታውስ ሞክሬ አቃተኝ። ከዚያች ፎቶ ላይ ወስጄ ነው የጎደለውን የሞላሁት። አሁን ከአባቴ ጣቶች ሁለቱ የእኔ ናቸው።

ረቡዕ ቁረጠው የተባልኩትን ሞከርኩ። አልዋሽም፣ ሞከርኩ። ታላቅ ወንድም ታላቅ ወንድም ነው። ጋሼ መርፌን ከፎቶው አወጣኋቸው፤ በኮምፒውተር የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ከዚያ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ አየሁት። አባቴ ለካ ተደግፎ ነበር። አንገቱም፣ ወገቡም፣ ክብደቱ ሁሉ ወደ ጋሼ መርፌ ነው፤ እሳቸው ሲነሱ ብቻውን አየር ላይ ተንጋድዶ ሊወድቅ ያለ ሰው ሆነ። ቀና ላድርገው ብል እሱ ሌላ ሰው ነው፤ የማላውቀው፣ የማንም ያልሆነ ሰው። ትከሻው ላይ ያለውን እጅ ላጥፋ ብል ከሥሩ ያለው ሱፍ የሳቸው ስፌት ነው። ሳላስቀምጠው ዘጋሁት። ሁለቱንም አንድ ላይ አንድ ሜትር በሰባ አድርጌ አሳተምኩ።

ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ሥዕሉን በአልጋ አንሶላ ጠቅልዬ፣ የተዋስኩትን ኦሪጅናል በፖስታ አድርጌ፣ መጀመሪያ ወደ ጋሼ መርፌ ሄድኩ። የሚኖሩት አንድ ግቢ ጀርባ ባለች ክፍል ነው፤ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪና፣ ከእሱ አጠገብ አልጋ፣ ግድግዳው ላይ ጠቅልለው በሚስማር ያንጠለጠሉት ሜትር። ዓይናቸው ስለደከመ አሁን የሚሠሩት ዚፕ መቀየርና ሱሪ ማሳጠር ብቻ ነው፤ መርፌ ላይ ክር የምታስገባላቸው የጎረቤት ሴት ናት፤ ጠዋት ጠዋት አሥር መርፌ አስገብታላቸው ትሄዳለች። አንሶላውን ገልጬ ሥዕሉን መኪናው ላይ አቆምኩት። ጎንበስ ብለው ያዩት ጀመር፤ ከአባቴ ፊት ሳይሆን ከኮታቸው ነው የጀመሩት።

«የግራው ኮሌታ ዝቅ ብሏል» አሉ።

«ላስተካክለው እችላለሁ፣ ጋሼ። ፎቶው ይሆናል።»

«ፎቶው አይደለም፣ እኔ ነኝ። ያኔም አይቼዋለሁ። አባትህ ነው ተወው፣ ማን ያየዋል ብሎ ያቻኮለኝ።» ኮሌታውን በጣታቸው ነክተው «ይኸው ታየ» አሉ።

ከዚያ አባቴን አዩት። ምን ያህል እንዳዩት አላውቅም፤ ውጪ አንዲት ሴት ልብስ አጥባ፣ ጨምቃ፣ ሙሉውን ገመድ አስጥታ ጨረሰች። እናቴ በሕይወት ሳለች «የእኔ ባል ሁለት ቤት ነው ያለው፤ አንደኛው መቀስ የሞላበት ነው» እያለች ትቀልድ ነበር። ሲመሽ ደግሞ «አባታችሁን ከሁለተኛ ቤቱ ጥሩት» ብላ እኔን ትልከኝ ነበር። ሳቋ የምር ይሁን አይሁን አላጣራሁም፤ ጋሼ መርፌ ታመው ሆስፒታል የተኙ ጊዜ ግን በየቀኑ ሾርባ ይዛ የምትሄደው እሷ ነበረች።

«ትልቁ ነው የሚሰቅለው?» አሉኝ፤ ወንድሜን ማለታቸው ነው።

«አዎ፣ ሳሎኑ ውስጥ።»

«ሁለታችንንም?»

«ሁለታችሁንም» አልኳቸው። ይህን ስናገር ወንድሜ ያለኝን ረስቼው አይደለም። ቃሉ ከአፌ ወጣ፤ ከወጣ በኋላ የእኔ ዕዳ እንደሆነ አወቅሁ።

«ትልቁ የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ሱሪውን የሰፋሁለት እኔ ነኝ» አሉ። «ቶሎ ቶሎ ያድግ ስለነበር እጥፋቱን ሦስት ጣት ነበር የማስቀርለት። አሁን አይመጣም።»

«ሥራ በዝቶበት ነው» አልኩ። ለወንድሜ ጠበቃ ቆሜ የማላውቀው ሰውዬ።

አንሶላውን እሳቸው ናቸው የጠቀለሉልኝ፤ ጥግ ጥጉን እንደ ጨርቅ እያጠፉ። በር ላይ «ፀሐይ አይምታው በለው» ብለው ሸኙኝ።

የወንድሜ ሕንፃ ሊፍት አለው፤ ገና ሥራ አልጀመረም እንጂ። ሥዕሉን ተሸክሜ አራት ፎቅ ወጣሁ። በሩን የከፈተችልኝ ሚስቱ ናት። «ጫማህን እዚህ» አለችኝ፤ ከዚያ ሳሎን እስክደርስ ድረስ ሴራሚኩ በካሬ ስንት እንደሆነ፣ መጋረጃው ስንት እንደፈጀና ሶፋውን ያመጡት ሰዎች በደረጃ ማውጣት አለበት ብለው ስንት እንዳስጨመሯት ነገረችኝ። ወንድሜ ክራቫት አስሮ ግድግዳው ሥር ቆሟል። ሚስማሮቹን ቀድሞ አስመትቷል፤ አንድ ሜትር ተለክቶ። አንሶላውን ገለጥኩት። መጀመሪያ ፊቱ በራ፤ አባቴን ነው ያየው። ከዚያ ዓይኑ ወደ ቀኝ ሄደ።

«ቁረጠው አላልኩህም?»

«ብለኸኛል።»

«ታዲያ?»

«አልቆረጥኩትም።»

ይጮህ ነበር፤ ግን ለመጮህም ጊዜ ያስፈልጋል፤ እንግዶቹ ሊደርሱ ሃያ ደቂቃ ቀርቷቸዋል። ለልጁ አባት በስልክ «የአባቴን ሥዕል ያያሉ» ብሎ ነግሯቸዋል። ሚስማሮቹ አፍጥጠዋል። ሚስቱ ኬክ የምትቆርጥበትን ቢላዋ እንደያዘች መጥታ አየችና «ስቀሉት፣ አንድ ነገር እናደርጋለን» አለች። ልጅቷ ከመኝታ ቤት ወጥታ ቆመች፤ አሁን ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። «አባዬ፣ ያምራል እኮ» አለች። «አንቺ ግቢና ፀጉርሽን ጨርሺ» አላት። አልገባችም። ሰቀልነው። ሚስቱ አንድ ነገር ያለችው ከበረንዳው በር አጠገብ የነበረ፣ በትልቅ ገንቦ የቆመ፣ የሰው ቁመት ያለው የላስቲክ ዛፍ ነው። ሁለቱ ባልና ሚስት እየጎተቱ አመጡና ሶፋው ጠርዝ ላይ፣ ልክ ጋሼ መርፌ ፊት አቆሙት። ቅርንጫፎቹን ዘረጋጉ። ጋሼ መርፌ ቅጠል ሆኑ፣ የተቆላለፉት ጣቶችም አብረው ተሸፈኑ፤ አባቴ ብቻውን ቀረ።

ሳቄ መጣ። ይህን ዘዴ ያወጡት እነሱ አይደሉም። ፎቶ ቤት እያለን ሴት ትመጣና «ይህን ሰውዬ ከፎቶው አጥፉልኝ» ትላለች፤ ወንድም ይመጣና «ይህችን» ይላል፤ እኛም በብሩሽ የአበባ ማስቀመጫ እንሥልበታለን። የድሮ ፎቶ ላይ ካለ ሰው ጎን ትልቅ አበባ ቆሞ ካያችሁ፣ አበባ ላይሆን ይችላል። ግን የእኛ ሥራ ላይ አንድ ሕግ ነበር፤ ሰውየውን ከመሸፈንህ በፊት እጆቹ የት የት እንዳሉ ቁጠር። ወንድሜ ዲግሪ ቢኖረውም ይህን አልተማረም። የጋሼ መርፌ ቀኝ እጅ ከነብረቷ አባቴ ማዶ ትከሻ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ቅጠሉ አይደርስበትም። አየሁት፣ ግን አልነገርኳቸውም።

እንድሄድ ጠበቁኝ። አልሄድኩም። የሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና አንሶላዬን ጭኔ ላይ አጠፍኩ።

እንግዶቹ በሰዓታቸው መጡ፤ ልጁ ሥራ ላይ ስለሆነ አባትና እናት ብቻ። አባትየው ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ዝግ ያሉ ሰው ናቸው፤ ሚስታቸው ሳቂታና ደረጃው ያደከማቸው። «እግዜር ይይላችሁ፣ ልጄን አራተኛ ፎቅ ልትሰዱብኝ ነው?» ብለው ገቡ፤ ሁሉም ሳቀ፤ ነገሩ ጥሩ ተጀመረ። ወንድሜ እኔን «ታናሽ ወንድሜ ነው» ብሎ አስተዋወቀኝና ሥራዬ ጋ ሳይደርስ አቆመ። ሻይ ቀረበ። ስለ ሊፍቱ፣ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ፣ ስለ መንገዱ ቁፋሮ ተወራ። ከዚያ የሚወራው አለቀና ሰው ሁሉ ሻዩን የሚያማስልበት ጊዜ መጣ። በዚያ መሃል ሽማግሌው ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ።

«አባትዎ ናቸው?»

«አዎን፣ አባቴ ናቸው» አለ ወንድሜ።

«ግርማ አላቸው።» መነጽራቸውን አወጡና አደረጉ። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው የእጅ ጽሕፈት ሲያነቡ የኖሩ ናቸው፤ አይቸኩሉም። «ትከሻቸው ላይ ያለው እጅ የማነው?»

ማንኪያዎቹ ሁሉ ቆሙ። ወንድሜ ቀና ብሎ አየ፤ እጁን ያኔ ነው ያየው። አንገቱ ሥር ሲቀላ አየሁ። «እሱ… የፎቶ አንሺው ነው» አለ። «ቀና እንዲሉ ሲያስተካክላቸው ነው።»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡ። «ታዲያ በምን እጁ አነሳው?»

ሚስታቸው ሻዩ ትን እስኪላቸው ሳቁ። ወንድሜም አብሮ ለመሳቅ ሞከረና ወደ እኔ ዞረ። ትከሻዬ ላይ እጁን ጣል አደረገ። «ወንድሜ እኮ የዚህ ሥራ ባለሙያ ነው» አላቸው፤ «ይህንንም ያደሰው እሱ ነው፤ ሆቴሎች ሁሉ የሚያሠሩት ነገር ነው። ያኔ እንደዚህ ነበር የሚያነሱት፣ አይደል?»

ባለሙያ አለኝ። በሰው ፊት፣ ክራቫት አስሮ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በልቤ ስሰድበውና ስከራከረው የኖርኩት ይቺን አንዲት ቃል ፈልጌ እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ። አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አንድ አዎ። ከዚያ ሻይ ይቀዳልኛል፣ ሥራዬ ይጠየቃል፣ ምናልባትም ለሠርጉ ፎቶ እጠራለሁ። ጣፋጭ ነበረች፤ አልክድም፤ ምላሴ ላይ ቀመስኳት።

ተነሳሁ። የዛፉን ገንቦ በሁለት እጄ ይዤ ጎተትኩት። አዲሱ ሴራሚክ ላይ ሲፋጭ የወንድሜ ሚስት ዓይኗን ጨፈነች። ጋሼ መርፌ ከነሱፋቸው ወጡ፤ ጉልበት ላይ የተቆላለፉት ጣቶችም ወጡ።

«እጁ የእሳቸው ነው» አልኩ። «ልብስ ሰፊ ናቸው። ሁለቱንም ሱፍ የሰፉት እሳቸው ናቸው። የአባቴ ሰው ናቸው፤ በሕይወት አሉ፣ ዛሬ ጠዋት አይቻቸዋለሁ።»

«ዘመድ ናቸው» አለ ወንድሜ ፈጠን ብሎ። «የአባቴ የአጎት ልጅ።»

«ዘመድ አይደሉም» አልኩ።

የሽማግሌው ሚስት ነገሩን ሊያቀልሉ ፈልገው መሰለኝ «ኧረ እኛም ቤት እንዲህ ያለ አለ» አሉ። «አንተ፣ ያ ከማን ጋር የተነሳኸው… መንታ መስላችሁ፣ ኮፍያ አድርጋችሁ…»

«ተቀዷል» አሉ ሽማግሌው።

«እንዴ፣ መቼ?»

«ተቀዷል አልኩሽ።»

ስኒያቸውን በቀስታ አስቀመጡ። ዓይናቸውን ግን ከግድግዳው አላነሱም፤ የወንድሜ ሚስት ኬክ ስታቀርብላቸው ሳያዩ ነው የተቀበሉት። ልጅቷ ተነሳችና የላስቲክ ዛፉን ሰብስባ ይዛ፣ እየጎተተች ወደ በረንዳ አወጣችው። መለስ ብላ በሩን ዘጋች። እናቷ ዓይኗን አፈጠጠችባት፤ ልጅቷ ቀሚሷን አስተካክላ ቦታዋ ተቀመጠችና «ሻይ ይደገም?» አለች።

አንሶላዬን ብብቴ ሥር አድርጌ እንግዶቹን ተሰናበትኩ። ሽማግሌው ብድግ ብለው እጄን ጨበጡ፤ ለስንብት ከሚበቃው ትንሽ አስረዘሙት። ጫማዬን አድርጌ ኮሪደሩ ላይ ስወጣ ወንድሜ ተከትሎኝ ወጣ፤ በሩን ከኋላው ገርበብ አደረገው።

«በሰው ፊት ውሸታም አደረግኸኝ» አለኝ። «በልጄ ቀን። ምን በድዬህ ነው?»

የበደለኝን በቀን፣ በሰዓት፣ በሳቁ ሰዎች ቅደም ተከተል ልነግረው እችል ነበር። አንሶላዬን ወደ ሌላው ብብቴ አዛወርኩ። እሱም ቁጣው አልቆለት ነው መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ የለመድኩት ድምፁ አልነበረም።

«እሺ፣ ሂድ። ግን አንድ ነገር ንገረኝ። አንተ ከሰውዬው አልተለየህም፤ እኔ ነኝ የራቅሁት። አባባና እሳቸው…» በሩን ዞር ብሎ አየ። «ምን ነበሩ?»

ፊቱን አየሁት። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ የምር ነበር የጠየቀኝ። ጓደኛሞች ነበሩ ብዬ ብነግረው እፎይ ብሎ ይገባል፤ ሌላ ነገር ብነግረው ዕድሜውን ሙሉ እንቅልፍ ያጣል። እኔ ሁለቱንም አላውቅም። ጋሼ መርፌን ብጠይቃቸው ይነግሩኝ ይሆናል፤ አልጠየቅኋቸውም፣ ወደፊትም አልጠይቃቸውም። እኔ ሥራዬ የተነሱትን እንደተነሱ ማቆየት ነው።

ደረጃውን መውረድ ጀመርኩ።

«አንተ፣ እያናገርኩህ እኮ ነው» አለ ከላይ። ከዚያ «ወንድሜ» አለኝ።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስም በሩ ሲዘጋ አልሰማሁም።